ስልኩ «ደህና ናት» ያላት ጎረቤቴ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የምነግራችሁ ነገር እንዲገባችሁ ነው። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እነካዋለሁ። ልጄ ትርንጎ ስልኳን ካላነሳች መኪና ተገልብጧል ብዬ መቀነቴን አጠብቃለሁ። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የሕፃናቱን ዓይንና የሽማግሌዎቹን አተነፋፈስ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ በእውቀት ያጣሁትን በጥንቃቄ የምሞላው ይመስለኝ ነበር። ጥንቃቄዬ ሰው ይጎዳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምንኖረው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ዘሀራ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። እሷ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን ብንሆንም ልጆቻችን ከአንድ መሶብ በልተው ነው ያደጉት። ልጇ ፋጡማ አረብ አገር ለሥራ ስትሄድ ትንሿን ሰሚራን ለአያቷ ትታላት ነበር። ሰሚራ ከዘሀራ ጉያ ሌላ መኝታ አታውቅም።

የኔዋ ትርንጎ ደግሞ አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስታቲስቲክስ ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ ስልክ የሰውን ሳል ሰምቶ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሳል ይመስላል ወይስ አይመስልም የሚለውን እንዲለይ ማስተማር ነበር።

«ስልክ እንዴት ይማራል?» አልኳት።

«ምሳሌ ነው የሚሰጠው፣ እማ። እነዚህ የታመሙ ናቸው፣ እነዚህ ደግሞ ጤነኞች ናቸው ትይዋለሽ። ልዩነቱን ራሱ ይፈልጋል።»

ከሚመለከተው ሁሉ ፈቃድ አገኘች። ሥራውን እንደጀመረች የትምህርት ቤት ጥሪ መጣባትና ስልኩን ለእኔ ትታ ሄደች። ሴቶቹ ከእሷ ይልቅ ለእኔ ይቀርቡ ስለነበር ለሁለታችንም የተሻለ መስሎን ነበር። የታመሙትን ጤና ጣቢያ መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ግቢው ውስጥ ከዛፍ ሥር፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ስልኩን ከበርጩማ ላይ አድርጌ እቀዳለሁ። ጤነኞቹን ደግሞ በየቤታቸው። ሁሉንም እየጠየቅኩ፣ እሺ ያለውን ብቻ።

«ሌላ ድምፅ እንዳይገባ አደራ፣ እማ» ብላኝ ነበር። አደራዋን ከሚገባው በላይ ጠበቅኩ። ዶሮ አባረርኩ፣ ውሻ አሳሰርኩ። ማገዶ የሚፈልጥ ጎረቤት ካለ «ወንድም ዓለም፣ ትንሽ ጠብቀኝ» እያልኩ ለመንኩ። አንድ ጊዜ የአህያ ድምፅ ስለገባ ብቻ አንዲት እመጫት እንደገና አስሳልኳት። ሰዉ «የሺ ሳል ለቃሚ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከዚያ ትርንጎ ደወለች።

«እማ፣ ማሽኑ አንድም አልተሳሳተ።»

እልል ልል አፌን ስከፍት «ቆይ፣ ደስ እንዳይልሽ» አለችኝ።

«ምነው ልጄ?»

«በጣም አማረ። አማካሪዬ ‹ይህን ያህል ሲያምር ፍሪ› ብሎኛል።»

እንዲገባኝ ብላ ቀስ እያለች አስረዳችኝ። አንድ ሳል ወደ ማሽኑ ሲገባ ሺህ በሺህ ቁጥር ሆኖ ይበተናል አለች። ድምፁ የቀጠነበት፣ የወፈረበት፣ ትንፋሹ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ቁጥር ይሆናል። ሰዎቹ ግን ጥቂት ናቸው።

«ቁጥሩ ከሰዉ በጣም ሲበልጥ ማሽን መለያ አያጣም፣ እማ። የመንደራችንን ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት ቦታ ብከፍለውና ለይልኝ ብለው እንኳ ይለየዋል።»

«በምን ይለየዋል?»

«በሆነ ነገር። አንዷ ስትቀመጥ ትቃትታለች፣ ሌላዋ ከማውራቷ በፊት አፍንጫዋን ትስባለች። ስለ ጥቂት ሰው ብዙ ነገር ካወቅሽ ሰበብ አይጠፋሽም። ጥያቄው ያ መለያ ነገ ለሚመጣው ሰው ይሠራል ወይ ነው። የምማረው እሱን ነው። ማሽን መቼ ተማረ፣ መቼ ሸመደደ የሚለውን።»

«ያንቺው ሸምድዶ ይሆን?»

«ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ሳሎች ለይቼ አስቀምጬ ነበር፤ እነሱንም አልሳተም። ግራ የገባኝ ለዚህ ነው። ስመጣ እንዴት እንደቀዳሽ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።»

እስክትመጣ ድረስ እንድሞክረው ብላ ማሽኑን በኢንተርኔት ልካ ስልኬ ላይ አስጫነችኝ። ሳሉን ሰምቶ ጤነኛ ነው ሲል አረንጓዴ፣ በሽተኛ ነው ሲል ቀይ ያበራል። «ለማንም ግን ውጤት እንዳትናገሪ። ጥናት ነው እንጂ ሐኪም አይደለም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይህን እሺታዬን አሁንም ጆሮዬ ላይ እሰማዋለሁ።

ዘሀራ በዚያ ሰሞን መሳል ጀምራ ነበር። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ሰፋ። «ጤና ጣቢያ እንሂድ» ስላት «ጉንፋን ነው» ትላለች። ስጨቀጭቃት አንድ ቀን የልቧን ተናገረች።

«ነቀርሳ ናት ቢሉኝስ? ሰሚራን ከልጆች ጋር ማን ያጫውታታል? ፋጡማ ብትሰማ ሥራዋን ጥላ ነው የምትመጣው። ወላሂ አልሄድም፣ የሺዬ።»

ያን ጊዜ ስልኩ ትዝ አለኝ። ያሰብኩት እንዲህ ነበር፦ ቀይ ካበራ አስፈራርቼ እወስዳታለሁ። ውስጤ ግን አረንጓዴውን ይፈልግ ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ደጃፏ ላይ ስልኩን አስቀመጥኩላት። ሳለች። የለመድኩት ቃል ከምላሴ ጫፍ ሲደርስ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«ይማርሽ እንዳትዪኝ! ጉንፋን ለያዘው ሁሉ ደዌ አታስታቅፊ!»

ዋጥኩት። ስልኩ አሰበ፣ አሰበና አረንጓዴ አበራ።

«ምን አለ?» አለች አንገቷን አስግጋ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። «ደህና ናት አለ» አልኳት።

«አልሃምዱሊላህ! አየሽ? የልጅሽ ማሽን ካንቺ ይሻላል። አንቺማ ቀብረሽኝ ነበር!»

አብረን ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ሳሏን ከአጥር ወዲያ ስሰማ አልደነግጥም ነበር። ስለ ሁሉ ነገር የምጨነቀው ሴትዮ፣ ለመጨነቅ በሚገባኝ ጉዳይ ላይ አረፍኩ። ሰሚራም አንዳንዴ ትስል ነበር። የአያቷን እያስመሰለች ነው ብዬ ስቄባታለሁ።

ባቄላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ሲያልቅ ነው ነገሩ የመጣው። ጠዋት ነበር። ሰሚራ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን አስገብታ «እታባ የሺ፣ አያዬ ቀይ ተፋች» አለችኝ። ሮጬ ደረስኩ። ዘሀራ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጭ ሻሿን አፏ ላይ ይዛለች፤ ነጭነቱ ግን ጠፍቷል።

ባለቤቴና የሠፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሷት። እኔ ሰሚራን አዝዬ ከጎን ከጎኗ እሮጣለሁ። አቀበቱ ላይ ወንዶቹ ትከሻ ሲቀያየሩ ዘሀራ ዓይኗን ገልጣ ፈለገችኝ።

«የሺዬ… ስልኩ ደህና ነሽ ብሎኝ የለ እንዴ?»

 «አብሽሪ፣ አታውሪ፣ ይደክምሻል» አልኳት። ከፊት የተሸከመው ሰው «የምን ስልክ?» ብሎ ዞረ። 

ከመንገዱ በባጃጅ መካነ ሰላም ሆስፒታል ደረስን። ተቀብለው ለብቻዋ ክፍል አስገቧትና እኔን ውጪ ጠብቂ አሉኝ። ግቢው ውስጥ ሰሚራን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሰሚራ ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በእንቅልፍ ልቧ ትስላለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ስሜን ጠርተው ሞተች የሚሉኝ እየመሰለኝ ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

ትርንጎ የዚያን ዕለት በወረኢሉ በኩል በአውቶቡስ እየመጣች ነበር። መንገድ ላይ ሆና ሰምታ ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ እኛ መጣች። ሻንጣዋን እንደያዘች አቀፈችኝ።

«ምን አሏት?»

«ገና ናቸው። አክታዋን ወስደዋል።»

ከጎኔ ተቀመጠች። ስለ ዘሀራና ስለ ስልኩ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ልነግራት ስል ሰሚራን አስተካክዬ ታቀፍኩ። እሷ ደግሞ የራሷ ጭንቀት አላስቀምጣት ብሎ፣ ላፕቶፗን አውጥታ የቀዳኋቸውን ሳሎች በጆሮ ማዳመጫ ታዳምጥ ጀመር። ትንሽ ቆይታ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ሌላ አለፈች። ደግሞ ወደ ሌላ። ከዚያ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ ነቅላ ጆሮዬ ውስጥ አደረገችው።

«እማ፣ ሳሉ ካለቀ በኋላ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው?»

አዳመጥኩ። አንዲት ሴት ሳለች። ከዚያ ቀስ ያለ፣ ለራስ የሚነገር የሚመስል ድምፅ «ይማርሽ» አለ። ቀጣዩ ሽማግሌ ነው። ሳሉ፤ «ይማርዎት» አለ ያው ድምፅ። ቀጣዩ ጎረምሳ፤ «ይማርህ»። እኔው ነኝ። የታመመ ሰው ፊቴ ቆሞ ሲስል ዝም ልበል? ዶሮውን፣ ውሻውን፣ አህያውን ስጠብቅ፣ ይህን ቃል ድምፅ ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር።

«ለጤነኞቹስ?» አለችኝ። ቶሎ ቶሎ ትከፍታለች። ሳል ብቻ። ሳል ብቻ። «ለእነሱ ለምን አላልሽም?»

«ለጤነኛ ሰው ይማርሽ ይባላል እንዴ? ሟርት አይሆንም?»

ስልኬን ተቀበለችኝ። ሰሚራን እንዳልቀሰቅስ ቀስ ብላ «እስቲ እህ እህ በይ» አለችኝ። አልኩ፤ አረንጓዴ። «አሁን እህ በይና ይማርሽ ጨምሪበት።» ቀይ። ትንሽ ተከዘችና «አሁን ሳትስዪ ቃሉን ብቻ በይው» አለች።

«ይማርሽ» አልኩ ለስልኩ።

ቀይ አበራ።

ትርንጎ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ሲዞር አየሁት። «ሳል አልሰማም፣ እማ» አለች። «ከሺህ በሺህ ቁጥር መሐል የቀለለውን መረጠ፤ አንቺን። ለይቼ ያስቀመጥኳቸው ሳሎች ላይም አንቺ አለሽባቸው፤ እንዴት ይሳሳት?» ከዚያ እጄን ያዘችና «ጥፋቱ የኔ ነው። ሳል መኖሩን ለማረጋገጥ መጀመሪያ መጀመሪያውን ብቻ ነው የሰማሁት። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ገና ወረቀት ላይ ነው ያለው» አለችኝ።

ማንም አልተጎዳም።

የዘሀራ ክፍል በር ከፊት ለፊታችን ነበር። ብናገር ልጄ ልትጠላኝ፣ ባልናገር ራሴን ልጠላ፤ ከሁለት አንዱ ነበር።

«ዘሀራን ቀድቻታለሁ» አልኳት።

«ለጥናቱ?»

«አይደለም። እንድታውቅ ብዬ። አረንጓዴ አለ። ደህና ነሽ አልኳት። ይማርሽ እንዳትዪኝ ስላለችኝ ዝም ብዬ ነበር።»

እጇን ከእጄ ላይ አነሳች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በቀለለኝ። «መቼ?» አለች።

«ባቄላው ሳይታጨድ።»

 ከዚያ ዓይኗ ወደ ደረቴ ወረደ፤ አፏን ከፍታ ወደተኛችው ሰሚራ።

«ይቺስ የት ነው የምትተኛው?»

ይህ ጥያቄ እስከዚያች ደቂቃ አልመጣልኝም ነበር። እኔ፣ የሰው ቤት ስገባ የሕፃናቱን ዓይን የማየው ሴት! ትርንጎ ሰሚራን ከነእንቅልፏ ከእቅፌ ወስዳ ወደ ነርሶቹ ሄደች።

ደሙ ቆሞላታል፣ ትተርፋለች፣ ነቀርሳ ነው ብለው ሲነግሩኝ ወደ ምሽት ሆኗል። መድኃኒት ጀምረውላት ነበር። አፌን ሸፍኜ በመስኮቱ በኩል እንዳናግራት ፈቀዱልኝ። ትርንጎ ከኋላዬ ቆማለች። ነገርኳት። ስለ ሳሎቹ፣ ስለ ቃሌ፣ ማሽኑ ስለ ተማረው ነገር። ሳልዘል፣ ሳላሳምር ነገርኳት።

ዘሀራ ጣራ ጣራውን እያየች ሰማችኝ።

«እና የዚያን ቀን ይማርሽ ብትዪኝ ኖሮ ቀይ ይል ነበር?»

«አዎ።»

ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ደረቷን ይዛ እስኪያልፍላት ጠበቅን። «ያረቢ! የገዛ ምላሴ ናታ የበላችኝ!»

«አይደለም፤ እኔ ነኝ። እንዳልናገር ተነግሮኝ ነበር።»

«ተይ እስቲ። እኔም መስማት የምፈልገውን ነው የሰማሁት። ቀይ ቢልሽ ኖሮ ይህ ስልክ ተበላሽቷል ብዬ እስቅብሽ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስለ ራሴ አውፍ ብዬሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፣ የሺዬ። ስለ ሰሚራ ግን እኔ አውፍ ማለት አልችልም። እናት አላት።»

ሰሚራም ተይዛ ነበር። እሷም መድኃኒት ጀመረች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እናቶች፣ ከዚህ ወዲህ የገባኝን ልንገራችሁ። ልጄ ስለ ማሽኑ የነገረችኝ ሁሉ ስለ እኔም ነበር። በሕይወቴ ሲሞቱ ያየኋቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ ጥቂቶች ግን ስንት ምልክት ለቅሜያለሁ፦ በዚያ ቀን ወፏ እንዲህ ጮኸች፣ እግሬን እንቅፋት መታኝ፣ ሕልሜ ውስጥ ጥርስ ወለቀ። ምልክቱ ከሰዉ ስለበዛ ሁሌ የሚገጥም ነገር አላጣም፤ ሲገጥምልኝ ደግሞ ያወቅኩ ይመስለኛል። እንደዚያ ሆኜ ስኖር ግን የምትስለዋን ሴት እጅ ይዞ ሐኪም ቤት መሄድን የመሰለ ቀላል ነገር አመለጠኝ። ልጃችሁ ቢስል፣ ጎረቤታችሁ ቢስል፣ ምልክት አትቁጠሩ፣ ስልክም አትጠይቁ። ተነሱና ሂዱ። ወድቄበት ስለማውቀው ነው የምላችሁ።

ትርንጎ መምህሮቿ ፊት ቆማ ነገሩን እንዳለ አቀረበችው። ከመሄዷ በፊት «ድምፅሽን ባሰማቸው ትፈቅጂልኛለሽ?» ብላኝ አሰሚ ብያት ነበር። መጀመሪያ ሳቁ፤ ስለ ዘሀራ ስትነግራቸው ሳቃቸውን አቆሙ አለችኝ። ምርቃቷ ወደ ሌላ ዓመት ተላለፈ። ሳሎቹን እንደ አዲስ ስትቀዳ እኔን አልጠራችኝም። ትክክል ናት፤ ቢሆንም ሌላ ሰው በርጩማውን ተሸክሞ ከእሷ ጋር ሲሄድ ከበር ሆኜ አይቼ ገብቼ አልቅሻለሁ።

የቀረው የፋጡማ ነበር። ዘሀራ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ፋጡማ ደወለችልኝ።

«እታባ የሺ፣ አላህ ይክፈልሽ! እማዬን ተሸክመሽ ለሐኪም አደረስሽልኝ አሉ። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

ምስጋናዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ዘሀራ ምንም አልነገረቻትም፤ ለእኔ ትታልኛለች። «ፋጡዬ፣ አመስግነሽ ሳትጨርሺ ስሚኝ» ብዬ ጀመርኩ። እናቷን የነገርኩበት አነጋገር ለእሷ አልሠራልኝም፤ ሰሚራ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ።  ስጨርስ ስልኩን ዘጋችው።

ግድግዳዬን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። መልሼ ልደውል አልደፈርኩም። ከብቶቹ ሲገቡ፣ ባለቤቴ በሩን ሲዘጋ እዚያው ነበርኩ። ፋጡማ በሌላ ቀን ነው የደወለችው። ሰላምታ አልሰጠችኝም።

«ሰሚራ አሁን ትስላለች?»

«አልፎ አልፎ። እየቀነሰላት ነው። መድኃኒቷን ስትውጥ ጠዋት ጠዋት ሄጄ አያለሁ።»

 የምትሠራበት ቤት ውስጥ የአረብኛ ድምፅ፣ የሳህን ድምፅ ይሰማኛል። «አውፍ ብያለሁ» እንድትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም።

«ከእንግዲህ ስትስል ከሰማሽ» አለችኝ፣ «ሐኪም ጋ ውሰጃትና ለእኔ ደውዪልኝ። ትንሽም ብትሆን። እንዳላስጨንቃት ብለሽ እንዳትደብቂኝ።»

እሺ አልኳት። እደውላለሁ። አንዳንዴ ሥራ ላይ ሆና አታነሳም፤ እስክታነሳ እደውላለሁ።